ከጋፋት እስከ ዩኒቨርሲቲው

ደብረ ታቦርን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ ናቸው። የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ሆና ቆየች፤ በኋላም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ከዋና ከተሞቻቸው አንዷ አደረጓት። የዛሬውን የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የነገ መስፋፋት የሚያቅድ ሰው ግን ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ በከተማዋ አጠገብ ያለችውን ጋፋትን አስቀድሞ ቢመረምር ይበጀዋል።

በጋፋት የሰፈሩት ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደርና ጓደኞቻቸው ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የወጡ ባለሙያ ሚሲዮናውያን ነበሩ። ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው ንጉሠ ነገሥቱ ለመንገድ፣ ለጋሪና ለጦር መሣሪያ ሥራ አዋሏቸው። የአገሬው ወጣቶችም ከጎናቸው ሆነው ሙያ ይማሩ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ የወጣው ከዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ መድፉ፣ ወራት የፈጀ መንገድ እየተቀደደለት፣ መቅደላ ድረስ ተጎተተ። ሚያዝያ ላይ ንጉሡ ሞቱ፤ ባለሙያዎቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀቁ።

ጋፋት የፈረሰችው እጅ የሚያውቀው ጥበብ ጠፍቶ አይመስለኝም። ሥራው የቆመው በአንድ ንጉሥ ፈቃድና በአንድ ጦር ፍላጎት ላይ ስለነበር ሁለቱ ሲወድቁ የሚይዘው አልነበረም። ቦታውም ቢሆን ገደብ ነበረበት፤ ብረታ ብረት ማቅለጥ ከሰል ይፈጃል፣ ከሰልም ደን።

በአካባቢው ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት የመጣው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተመሠረተ። ባሕር ዳር በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ፖሊ ቴክኒኩን አገኘች፤ ቀጥሎ «ፔዳ» የሚባለው የመምህራን ማሠልጠኛ መጣ፤ ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. አንድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ «ፖሊ» እና «ፔዳ» ተለያይተው የተሠሩ ግቢዎች ነበሩ። አንድ ሆኖ ያልታቀደን ግቢ በኋላ አንድ ማድረግ ከባድ ነው።

በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ክፍሉን በጋፋት ስም መጥራቱ ደስ ያሰኛል። ስሙን የወረሰ ተቋም ጋፋት ያላገኘችውን መሠረት ማግኘት አለበት። በደጋው ከከተማ ወሰን ሲወጡ የሚጀምረው የገበሬ ማሳ ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ ሕንፃም የአንድ ቤተሰብ እርሻ ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ሲጀምር በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ 455/1997 ለሰብል መሬት የዓመታዊ ገቢን አሥር እጥፍ ካሳ ይደነግግ ነበር፤ አዋጅ 1161/2011 ወደ አሥራ አምስት እጥፍ አሳደገው። ጭማሪው ተገቢ ነው፤ ግን ብር ማሳ አይተካም። ስለዚህ ወደ ጎን ከመዘርጋት በፊት ያለውን ይዞታ በፎቅ መጠቀም፣ የዝናብ ውኃን ማጠራቀምና ተዳፋቱን በአገር በቀል ዛፍ መሸፈን ይቀድማል። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው ጣና ይገባሉ፤ እዚህ የሚታጠረው መሬትና የሚለቀቀው ፍሳሽ እስከ ፎገራ ሜዳ ላሉ ገበሬዎች ይደርሳል። ዩኒቨርሲቲው የጉናና የጣናን አካባቢ የሚያጠና ማዕከል አለው፤ የማስተር ፕላኑ ሥራ ከመሐንዲሶቹ ጋር በዚህ ማዕከል ጠረጴዛ ላይ መጀመር ይኖርበታል።