የካሜራው ባለቤት ማን ነው?

የምተዳደረው ካሜራ በመግጠም ነው። ሥራውን ስጀምር ዲቪአር የምንለው መቅረጫ ከቴሌቪዥኑ ሥር ይቀመጥ ነበር፤ ምስሉን ማየት የፈለገ የግድ ሳሎን መግባት አለበት። ስለዚህ ለፓስወርዱ የሚጨነቅ አልነበረም። ሌባ ሳሎን ከደረሰ ወዲያ ፓስወርድ ምን ሊፈይድ?

ኢንተርኔት ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ዛሬ ደንበኛው አፑን ያወርዳል፣ ካሜራው ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ ስካን ያደርጋል፣ ማይክሮፎኑንና ያለበትን ቦታ ለመጠቀም ሲጠየቅ ሳያነብ «ፍቀድ» ይላል። ጅዳ ያለችው ልጅ አዲስ አበባ የእናቷን በር ማን እንዳንኳኳ ታያለች። ግሩም ነው። ግን እሷ ካየች ሌላም ሊያይ ይችላል።

ይህ ገሃድ የወጣው አሜሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ትሬንድኔት የተባለ ኩባንያ የሸጣቸው 700 ገደማ ካሜራዎች የሚያዩት ሁሉ ለማንም ክፍት ሆነ፤ አልጋቸው ላይ የተኙ ሕፃናት ሳይቀሩ። ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ስለነበር ፓስወርድ ያስገባውም አልዳነም። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ጉዳዩን ሲቋጭ ኩባንያው ለ20 ዓመት በየ2 ዓመቱ በገለልተኛ ወገን እንዲመረመር አስገደደው።

በ2016 የመጣው ሚራይ የተባለ አጥፊ ሶፍትዌር ግን የእኛን ስንፍና ነው የተጠቀመው። ከፋብሪካ የሚመጡ 60 ገደማ የመግቢያ ስሞችና ፓስወርዶችን ይዞ በየካሜራው ይሞክራል፤ «አድሚን» ብሎ ይገባል። ኦክቶበር 21 ቀን እነዚህ የተጠለፉ ዕቃዎች የድረ ገጾችን አድራሻ የሚያገናኘውን ዳይን የተባለ ድርጅት አጥለቅልቀው ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ለሰዓታት አስተጓጎሉ። ካሜራው ሥራውን ስላላቋረጠ ባለቤቱ የሚጠራጠርበት ምክንያት አልነበረውም።

ካሊፎርኒያ ከ2020፣ ብሪታንያ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት ፓስወርድ ሰጥቶ መሸጥን ከለከሉ። ደግ አደረጉ፤ ሸክሙ የሚገባው አምራቹ ላይ ነው። እኛም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (በእኛ አቆጣጠር) አለን። አዋጁ ግን የደንበኛዬን ፓስወርድ አይቀይርለትም።

የእኛ ሙያ የራሱ ነውር አለው። ብዙ ገጣሚ ለፍጥነት ሲል አካውንቱን በራሱ ስልክ ቁጥር ይከፍትና ለባለቤቱ «ሼር» ያደርግለታል። በአፑ ዓይን እንግዳው ባለቤቱ ነው። እኔ «ጋሼ፣ ፓስወርዱን እርስዎ ይጻፉት፣ ፊቴን አዞራለሁ» ስል ይስቁብኛል፤ «አንተን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?» መታመን ደስ ይላል፤ ስልኬ የተሰረቀ ቀን ግን ግቢያቸውን የሚያየው ሌባው ነው።

ካሜራ ያስገጠማችሁ ሁሉ፣ አፑን ክፈቱና አካውንቱ በማን ስልክ ቁጥር እንደተመዘገበ እዩ። በእናንተ ካልሆነ ለገጣሚያችሁ ዛሬውኑ ደውሉና በስማችሁ ያዙሩት፤ ፓስወርዱንም ራሳችሁ ቀይሩት።