ድንኳን ሲጓዝና ሲያርፍ፦ የጭነት ከፍታ አጭር ታሪክ



የዛሬው ርእስ ለታሪክ መድረክ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ጥያቄው አጭር ነው፦ ለመስክ ጉዞ በሚያገለግል ተሳቢ ላይ የመኝታ ድንኳን ሲገጠም፣ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ሊል ይገባዋል? መልሱን ከመካኒክ እንጂ ከታሪክ ተመራማሪ የሚጠብቅ የለም። እኔም እንደዚያው አስብ ነበር፤ ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ጉዞ ነው።

የቃል ታሪክ ለመሰብሰብ ከሶዶ ወደ ዲምቱ ወርደን ነበር። መኪናችን ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ይጎትታል፤ በተሳቢው ላይ የሚታጠፍ ድንኳን ተገጥሟል። የድንኳኑን ከፍታ የወሰንሁት እኔ ነበርሁ። የመጻሕፍትና የመሣሪያ ሣጥኖች ከሥሩ እንዲገቡ በማሰብ ወደ ሁለት ሜትር አስጠጋሁት። ሹፌራችን ገና ሳንነሣ ተሳቢውን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ፣ «መምህር፣ አናቱ ከብዶታል፤ ዝቅ ቢል ይሻላል» አለኝ። አልሰማሁትም። ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ ብላቴ በሚወስድ የገጠር መንገድ ስንሄድ፣ ጎርፍ የቦረቦረው ቦይ አጋጠመን። የተሳቢው አንድ ጎማ ወደ ቦዩ ሲገባ ሌላው ከመሬት ተነሣ፤ ተሳቢውም ቀስ ብሎ በጎኑ ተጋደመ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሁለት ተማሪዎቼ በዚያው በወደቀበት ጎን በእግራቸው ይራመዱ ነበር። ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ስጠይቅ ቆየሁ፦ ሹፌሩ የሚያውቀውን እኔ ለምን አላወቅሁም?

ወደ ታሪኩ ልግባ። በአገራችን ድንኳን ለረጅም ዘመን የመዝናኛ ዕቃ ሳይሆን የመንግሥት መቀመጫ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በካዎ ጦና ላይ ወደ ወላይታ ሲዘምቱ፣ አብሯቸው የተጓዘው ሠራዊት ብቻ አልነበረም፤ ችሎቱ፣ ግምጃ ቤቱና ማድ ቤቱም ጭምር እንጂ። ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም በዘመቻው አብሮ ተጉዞ ያየውን በመጽሐፍ አስቀርቷል። ይህ ሁሉ በየዕለቱ ይተከላል፤ በየዕለቱ ይነቀላል። የሰፈሩ ሥርዓት ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር የማዕረግ ስሞቻችን ይመሰክራሉ፦ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ፣ ደጃዝማች በደጅ። የንጉሡ ድንኳን ከሁሉ ልቆ በመካከል ይቆማል።

ይሁን እንጂ ያ ከሩቅ የሚታይ ድንኳን ከፍ የሚለው ሲያርፍ ብቻ ነበር። ሲጓዝ ተጠቅልሎ፣ በመጫኛ ተጠፍሮ፣ በአጋሰስ ጎን ይንጠለጠላል። የጫኝ ጥበብ ሕጉ ሁለት ነው፤ የግራና የቀኙ ክብደት ይመጣጠን፣ ከባዱ ዝቅ ብሎ ቀላሉ ከላይ ይሁን። ይህን ሕግ የሲራራ ነጋዴም ያውቀዋል። ማን አስተማራቸው ብለን ብንጠይቅ፣ ያስተማረቻቸው በቅሎዋ ናት። ጭነቱ አናት ላይ ሲበዛ ትወላገዳለች፣ ትቆማለች፣ ትተኛለች። ስሕተቱ ገደል አፋፍ ላይ ከመድረሱ በፊት እዚያው መጫኛው ቦታ ላይ ይታወቃል። የጭነቱን ልክ የሚነግረው ተሸካሚው ራሱ ነበር።

የከፍታን ጥቅም የሚያውቅ ሌላ ሙያም በመካከላችን አለ። በቆላው ማሳ መካከል የሚቆመውን ማማ አስቡ። ገበሬው ሰብሉን ከዝንጀሮና ከአሳማ ሲጠብቅ የሚያድርበት ይህ ከፍታ፣ ከእባብና ከጎርፍም ያርቀዋል። ዛሬ ድንኳን በመኪና ወይም በተሳቢ ላይ የሚሰቅሉ ሰዎች የሚሰጡት ምክንያት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ የማማው እግሮች ከሥር ሰፋ ብለው በመሬት የተተከሉ መሆናቸው ነው። ማማ ከፍ የሚለው ስለማይጓዝ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሞተር ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ያስገባው በ1900 ዓ.ም. ነበር። የጭነት መኪና በብዛት የመጣው ግን ከ1928ቱ ወረራ ጋር ነው። ፊያት 634፣ ሕዝባችን «ትሬንታ ኳትሮ» ብሎ የሰየመው፣ ከጦርነቱ በኋላም በመንገዶቻችን ላይ ቆየ። ከእርሱ ቀጥሎ ፊያት 682 «ኤንትሬ» ከነተሳቢው መጣ። ከጣሊያንኛ የወረስነው «ፖርቶመጋላ» የሚለው ቃልም የአውቶቡስ ጣሪያን የዕቃ ቦታ አደረገው። በጣሪያ ላይ የተቆለለው እህል፣ ፍራሽ፣ ፍየልና ዶሮ የብዙዎቻችን የልጅነት ትዝታ ነው። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ የግብርና ልማት ድርጅት በአበላና በበሌ ቆላ ሰፋሪዎችን ሲያሰፍርና ገጠሩን በመንገድ ሲያገናኝ፣ መኪናው ከአስፋልት ርቆ ወደ ቆላው መዝለቅ ቻለ።

በዚህ ምዕራፍ የተለወጠው ዋና ነገር ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። መኪና እንደ በቅሎ አይተኛም። ከልክ በላይ ቢቆለልበትም ይነሣል፣ ይሄዳል። ያም ሆኖ ሹፌሩ ወንበሩ ሲያዘነብል፣ መሪው ሲቀል ይሰማዋል። የበቅሎዋ ንግግር ወደ ሹክሹክታ ወረደ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም።

ሦስተኛው ምዕራፍ የእኛ ዘመን ነው። በመኪና ጣሪያ ላይ የሚገጠም ድንኳን በአውሮፓ በፋብሪካ መመረት የጀመረው በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲሆን፣ ጣሊያኖች ቀዳሚዎች ነበሩ። በምሥራቅ ጀርመን እንኳ በትንሿ ትራባንት ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን ተሠርቶ ነበር። ድንኳኑ ከመኪናው ወደ ተሳቢው ሲዛወር ግን ሹክሹክታውም ጠፋ። ለአስቸጋሪ መንገድ የሚሠራ ተሳቢ መያያዣው እንዲዞር ተደርጎ ይበጃል፤ ዓላማው ተሳቢው ቢገለበጥ መኪናውን ይዞ እንዳይወድቅ ነው። መልካም ዘዴ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ተሳቢው ሲያዘነብል በሹፌሩ ወንበር ላይ ምንም አለመሰማቱ ነው። በዚያ ቀን የተሳቢያችንን መውደቅ ያወቅነው በመስተዋት አይተን ነው።

ተሸካሚው ዝም ባለበት ዘመን ልኩን አስቀድሞ በስሌት መወሰን ግድ ይላል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ ከነዕቃው 500 ኪሎ የሚመዝን፣ ከጎማ እስከ ጎማ 1.5 ሜትር የሚሰፋ፣ የስበት ማዕከሉም ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ተሳቢ እንውሰድ። በቆመበት ወደ ጎን ቢያዘነብል፣ እስከ 47 ዲግሪ ድረስ አይገለበጥም። 60 ኪሎ ድንኳን በ1.2 ሜትር ከፍታ ስንጭንበት ይህ ልክ ወደ 45 ዲግሪ ይወርዳል፤ በ2 ሜትር ስንጭንበት ወደ 42 ገደማ። ልዩነቱ ሦስት ዲግሪ ብቻ ነውና ቸል የሚባል ይመስላል። እኔንም ያታለለኝ ይኸው ነው። ዳሩ ግን ከፍታ ክፍት ቦታ ይፈጥራል፤ ክፍት ቦታ ደግሞ ጭነት ይጠራል። ከዚያው 500 ኪሎ ውስጥ 100 ኪሎ ሣጥን ከወለሉ 70 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከድንኳኑ ሥር ቢደረደር፣ ልኩ ወደ 38 ዲግሪ ይወድቃል። ይህም ቆሞ ነው። የጎማው መለመጥ፣ የባሌስትራው መወዛወዝ፣ የኩርባው ፍጥነትና የቦዩ ጥልቀት ተጨምረው የቀረውን ይበሉታል። የፖርቶመጋላም ታሪክ ይኸው ነበር፤ ጣሪያው ስላለ ብቻ ይጫንበታል።

እንግዲህ ለመነሻው ጥያቄ የምሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። በጉዞ ጊዜ ድንኳኑ የጎማ መከለያውና የዕቃ ሣጥኑ ክዳን እስከፈቀዱለት ድረስ ዝቅ ይበል፤ ነፋስ እንዳይጋፋውም ከጎታቹ መኪና ጣሪያ አይለፍ። ውኃው፣ ባትሪውና ብረታ ብረቱ በወለሉ ላይ፣ ወደ አክስሉ ተጠግተው ይቀመጡ። ከሥሩ ቆሞ ለመሥራት ከፍታ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ በሰፈር የሚነሣ በጉዞ የሚወርድ ተሸካሚ ፍሬም ይሠራለት፤ ከፍ የሚለውም ተሳቢው በእግሮቹ ተደግፎ ከቆመ በኋላ ብቻ ይሁን። ይህ አዲስ ብልኃት አይደለም። የምኒልክ ድንኳን ተካዮች ይኖሩበት የነበረው ሥርዓት ነው፦ ሲጓዝ ዝቅ፣ ሲያርፍ ከፍ።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በታሪክ ጥናታችን ስለ ዘመቻው ብዙ ጽፈናል፤ ስለ አዝማቹም እንዲሁ። ድንኳኑን ጠቅልሎ በበቅሎዋ ጎን ስላሰረው ጫኝ የጻፍነው ግን ጥቂት ነው። እውቀቱ በእጁ ስለነበረ በመዝገባችን አልገባም። የዚያ ጫኝ ወራሽ በዚያን ቀን ከአጠገቤ ቆሞ ተሳቢውን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ አስጠንቅቆኝ ነበር። እኔ ለቃል ታሪክ ወደ ሩቅ እየሄድሁ፣ ከጎኔ የተነገረውን ሳልመዘግብ ቀረሁ። ተሳቢውን ካቃናነው በኋላ የድንኳኑን አዲስ ከፍታ የለካው እርሱ ነው፤ እኔ ሜትሩን ያዝሁለት።