ማየት የተሳናቸው ሰዎችና የልብ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ፦ አጭር የታሪክ ቅኝት

መግቢያ

የሰውነት እንቅስቃሴ የልብና የደም ሥር በሽታን፣ የደም ግፊትንና የስኳር ሕመምን ለመከላከልም ሆነ ለመቆጣጠር እንደሚረዳ ለጤና ባለሙያ የሚነገር አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ይህን ምክር ለመለገስ የማይሰንፈው ባለሙያ፣ ታካሚው ዓይነ ስውር በሆነ ጊዜ ዝም ሲል ወይም «እንዳይወድቁ ይጠንቀቁ» ብሎ ሲያሰናብት ይታያል። የሚሰጠው ምክር ከአሳቢነት የመነጨ ቢሆንም ውጤቱ ግን በአንድ ጉዳት ላይ ሌላ ጉዳት መጨመር ነው። ዓይኑን ያጣ ሰው ልቡ፣ ሳንባውና ጡንቻው እንደማንኛውም ሰው ናቸው፤ እነርሱን የሚያደክማቸው የእይታ ማጣት ሳይሆን አብሮት የሚመጣው መቀመጥ ነው።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት መሠረት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቶ ነበር። ጉዳዩ የጥቂቶች አለመሆኑን ይህ ቁጥር ብቻውን ያስረዳል። ከዚህ በታች የቀረበው ቅኝት ማየት የተሳናቸው ሰዎች ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ ሜዳ የወጡበትን መንገድ ይመለከታል። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶች

ቫለንቲን አዊ በ1785 በፓሪስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ካቋቋመ በኋላ የዚህ ዓይነት ተቋማት በአውሮፓ መስፋፋት ጀመሩ። በ1804 በቪየና ዓይነ ስውራንን ማስተማር የጀመረው ዮሐን ቪልሄልም ክላይን በ1819 ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ለአካል ማጎልመሻ ልምምድ ቦታ ሰጥቶታል። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በ1832 ሥራውን የጀመረውና በኋላ ፐርኪንስ ተብሎ የተጠራው ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ ሳሙኤል ግሪድሊ ሃው ደግሞ በግሪክ የነጻነት ጦርነት በቀዶ ሐኪምነት ያገለገለ ባለሙያ ነበር። ሐኪሙ ሃው ሰውነትን ማጠንከር ለዓይነ ስውር ልጅ እንደ ንባብ ሁሉ አስፈላጊ መሆኑን አጥብቆ ያምን ነበር።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የላቀው ምሳሌ የፍራንሲስ ካምቤል ነው። በ1832 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት የተወለደው ካምቤል በሕፃንነቱ ዓይኑን በእሾህ ተወግቶ እይታውን አጣ። በፐርኪንስ የሙዚቃ መምህር ሆኖ ከሠራ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በ1872 ለንደን ውስጥ የዓይነ ስውራን ኮሌጅ መሠረተ። በዚህ ሥራ የተባበረው ቶማስ አርሚቴጅ የእይታው መድከም ሙያውን እንዲተው ያስገደደው ሐኪም ነበር። የኮሌጁ ዋና ዓላማ ወጣቶችን በሙዚቃ ሙያ ራሳቸውን እንዲችሉ ማሠልጠን ቢሆንም፣ ካምቤል ደካማ ሰውነት ያለው ሰው በሥራው አይጸናም ብሎ ስላመነ ተማሪዎቹ እንዲዋኙ፣ ጀልባ እንዲቀዝፉና ብስክሌት እንዲነዱ ያደርግ ነበር። እርሱ ራሱም በ1880 የአልፕስ ተራሮች አናት የሆነውን ሞንብላንን ወጣ። ይህን ያደረገው ለዝና ብቻ አልነበረም፤ የዓይነ ስውርነት ድንበር ሰዎች እንደሚገምቱት ቅርብ አለመሆኑን ለማሳየት ጭምር ነበር።

በ1907 ደግሞ በአሜሪካ የፊላዴልፊያና የባልቲሞር ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው በየሜዳቸው ሮጠውና ዘልለው ውጤታቸውን በቴሌግራም በመለዋወጥ ተወዳደሩ። ተማሪዎቹ ተፎካካሪዎቻቸውን በአካል ሳያገኙ፣ ውድድር የሚሰጠውን ደስታና ትጋት ግን አገኙ።

ጦርነትና ተሃድሶ

ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዓይናቸውን ያጡ ብዙ ወጣቶችን ትተው አለፉ። እነዚህ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ከሆኑት የተለዩ ነበሩ፤ ትናንት ይሮጡና ይዘምቱ የነበሩ ናቸውና ድንገተኛው መቀመጥ አካላቸውንም መንፈሳቸውንም ይጎዳ ነበር። ራሱ እይታውን ያጣው የጋዜጣ ባለቤት አርተር ፒርሰን በ1915 ለንደን ውስጥ ባቋቋመው የሴንት ደንስታን ማሠልጠኛ የጀልባ ቀዘፋና የእርምጃ ውድድር የተሃድሶው አካል ሆኑ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946፣ ኦስትሪያዊው ሃንስ ሎሬንሰንና ጀርመናዊው ዜፕ ራይንድል ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ማገገሚያ እንዲሆን ጎልቦል የተባለውን ጨዋታ ፈጠሩ። ጎልቦል ለዓይነ ስውራን ታስቦ የተፈጠረ እንጂ ከሌላ ስፖርት ተሻሽሎ የተወሰደ አይደለም። ሜዳው 18 ሜትር ርዝመትና 9 ሜትር ስፋት አለው፤ በየወገኑ ሦስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሱ 1.25 ኪሎ ግራም ሲመዝን በውስጡ ቃጭል አለው። የሜዳው መስመሮች ከሥራቸው ገመድ ስለሚዘረጋባቸው በእጅና በእግር ይዳሰሳሉ። ተጫዋቾቹ ሁሉ ዓይናቸውን ስለሚሸፍኑ ጥቂት የሚያይ ሰው ምንም ከማያየው አይበልጥም። ተመልካቹም የኳሱ ድምፅ እንዲሰማ ጸጥ ይላል። ተጫዋቹ ግን ሲወረውር፣ ሲወድቅና ሲነሣ ልቡና ሳንባው በሚገባ ይሠራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ወታደሮቹን ከአልጋ ያስነሣቸው ስለ ጤና የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን የጨዋታው ደስታ ነበር።

ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ጉዳት

በካሊፎርኒያ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የአካል ማጎልመሻ መምህር የነበረው ቻርልስ ቡዌል ራሱ በከፊል ብቻ የሚያይ ሰው ነበር። ቡዌል በ1950 ባሳተመው ጥናት ማየት የተሳናቸው ልጆችን የሩጫ፣ የዝላይና የውርወራ ችሎታ መረመረ። ከልክ በላይ የተጠበቁት ልጆች፣ ወላጆቻቸው ብዙም ካልተከታተሏቸው ልጆች እንኳ ያነሰ ችሎታ ማሳየታቸውን አስተዋለ። ልጅን ቸል ማለት ይመከራል ለማለት አይደለም። ነገር ግን «ይወድቅብኛል» የሚለው ፍርሃት ልጁን ከመውደቅ ሲያድነው ከመሮጥም እንደሚያስቀረው ይህ ግኝት በግልጽ ያሳያል።

በዚያው ዘመን ጄረሚ ሞሪስና ባልደረቦቹ በ1953 የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን በማነጻጸር፣ ቁጭ ብለው ከሚውሉት ሾፌሮች ይልቅ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች በልብ የደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ መሆኑን አሳወቁ። ሁለቱ ጥናቶች ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ ዓይነ ስውር ልጅን በወንበር ላይ ማስቀመጥ በጎልማሳነቱ ለሚመጣ የልብ በሽታ መንገድ መጥረግ መሆኑ ይታያል።

ወደ ዓለም አቀፍ ሜዳ

ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን በ1948 በእንግሊዝ የጀመረው የአካል ጉዳተኞች ውድድር መጀመሪያ የአከርካሪ ጉዳት ለደረሰባቸው ብቻ ነበር። ማየት የተሳናቸው ስፖርተኞች በፓራሊምፒክ የተካተቱት በ1976 በቶሮንቶ ነው፤ ጎልቦልም የሜዳሊያ ውድድር የሆነው በዚያን ጊዜ ነው። ዓለም አቀፉ የዓይነ ስውራን ስፖርት ፌዴሬሽን በ1981 በፓሪስ ተመሠረተ። ድምፅ በሚሰጥ ኳስ የሚካሄደው የዓይነ ስውራን እግር ኳስ በ2004 በአቴንስ ተጨመረ።

በሩጫ ደግሞ ምንም የማያየው ሯጭ ከመሪ ሯጭ ጋር በአጭር ማሰሪያ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሮጣል። መሪው ይመራል እንጂ አይጎትትም፤ የመጨረሻውን መስመርም ቀድሞ ማለፍ አይፈቀድለትም።

ኢትዮጵያውያን ስማቸውን ያስጠሩት በዚህ የሩጫ ዘርፍ ነው። ታምሩ ደምሴ በ2016 በሪዮ በ1,500 ሜትር የብር ሜዳሊያ አገኘ። በዚያ ውድድር የመጀመሪያዎቹ አራት ሯጮች የገቡበት ሰዓት በዚያው ዓመት የኦሊምፒኩ የ1,500 ሜትር ፍጻሜ አሸናፊ ካስመዘገበው የፈጠነ ነበር። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ፓራሊምፒክ ትዕግስት ገዛኸኝ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አስገኘች፤ በ2024 በፓሪስም ድሏን ደገመች። በዚያው መድረክ ያየሽ ጌጤ ከመሪ ሯጭ ጋር ሮጣ ወርቅ ስታገኝ፣ ይታያል ስለሺ የብር ሜዳሊያ ባለቤት ሆነ።

ለዛሬው የጤና ባለሙያ

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ከአካል ጉዳት ጋር ለሚኖሩ አዋቂዎችም በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ መክሯል። እንግዲህ ከባለሙያው የሚጠበቀው «ይንቀሳቀሱ» ማለት ብቻ ሳይሆን «ከማን ጋር? የት? ምን ደስ ይልዎታል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለአንዱ ከልጁ ወይም ከጎረቤቱ ጋር ክንድ ይዞ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ለሌላው በዘፈን እስክስታ መምታት፣ ገመድ መዝለል ወይም የቤቱን ደረጃ ደጋግሞ መውጣትና መውረድ ሊስማማው ይችላል። ድካሙን ለመለካትም ሰዓት ማየት አያስፈልገውም፤ መካከለኛ እንቅስቃሴ ላይ ያለ ሰው መነጋገር ይችላል፣ መዝፈን ግን ያቅተዋል።

ጥንቃቄውም በምክንያት የተወሰነ ይሁን። የስኳር ሕመም በሬቲና ላይ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲያድጉ ያደረገበት ታካሚ ዓይኑ እስኪታከም ድረስ ከከባድ እንቅስቃሴና ትንፋሽን ይዞ ክብደት ከማንሣት መቆጠብ አለበት። ሬቲናው የተላቀቀበት ወይም በቅርቡ የዓይን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው የዓይን ሐኪሙን ፈቃድ ይጠብቅ። ግላኮማ ያለበት ሰው ራስን ወደ ታች ዘቅዝቆ ከመቆየት ይታቀብ። ከእነዚህ ውጭ «ዓይነ ስውር ነውና ይቅርበት» የሚል የሕክምና ምክንያት የለም።

የሁለት መቶ ዓመቱ ታሪክ እንደሚያሳየው ማየት የተሳናቸውን ሰዎች ወደ እንቅስቃሴ የመለሷቸው ቀላል ነገሮች ናቸው፤ ቃጭል፣ ገመድ፣ የባልንጀራ ክንድ። አንዳቸውም ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤት አይገኙም፤ ይሁን እንጂ ሊያዛቸው የሚችል ባለሙያ በየጤና ጣቢያው አለ።