ሯጭነትን በደም ውስጥ የመፈለግ ታሪክ

የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮች ብርታት ከምን ይመነጫል የሚለው ጥያቄ ከአገሪቱ የኦሎምፒክ ድል ጋር አብሮ የተወለደ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የሮማን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ ከሁሉ ይልቅ የተወራለት ባዶ እግሩ ነበር፤ በክቡር ዘበኛ ውስጥ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ሥር ያሳለፈው ብርቱ ልምምድ ግን ያንኑ ያህል አልተወራለትም። የሯጩን ድል ከሠራው ሥራ ይልቅ ከተፈጥሮው ጋር ማያያዝ ከዚያ ወዲህ ቅርጹን እየለወጠ የዘለቀ ልማድ ሲሆን፣ የዘረመል ሳይንስም ጥያቄውን የወረሰው ይህን ልማድ ተሸክሞ ነው።

ልማዱ ከአበበም ይቀድማል። ጄሲ ኦውንስ በበርሊን አራት የወርቅ ሜዳሊያ ባገኘበት በ1936 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በዋሽንግተን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የአናቶሚ መምህር የነበሩት ጥቁር አሜሪካዊው ዶክተር ሞንታግ ኮብ የኦውንስን እግር በመለኪያ መርምረው ውጤቱን በጽሑፍ አወጡ። በዚያ ዘመን የጥቁር ሯጮች ፍጥነት ከተረከዛቸው አጥንትና ከባታቸው ቅርጽ የመጣ ነው ይባል ነበር፤ ኮብ ግን የኦውንስ ባትም፣ ተረከዝም፣ ውስጥ እግርም የጥቁር ሰው መለያ ተብሎ ከሚነገረው ጋር እንደማይገጥም አሳዩ። መለኪያ ይዞ ወደ ሯጩ እግር መቅረብ ከመላ ምት እንደሚሻል የተረዱ ሰው ስለነበሩ፣ ከእርሳቸው በኋላ ለመጣው ምርምር ሁሉ ቀዳሚ ተደርገው ሊቆጠሩ ይገባል።

በ1968 የኦሎምፒክ ውድድር ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ከፍታ ባላት በሜክሲኮ ከተማ ተካሂዶ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ሲያሸንፍ፣ ማብራሪያው ከሰውነት ቅርጽ ወደ ከፍታ ዞረ። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ሰውነትም ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን የቀይ ደም ህዋስ ፕሮቲን፣ ማለትም ሄሞግሎቢንን፣ በማብዛት ጉድለቱን ለማካካስ ይሞክራል። ይህ እውነት ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ኔፓልና ቦሊቪያም የማራቶን አገሮች በሆኑ ነበር።

ጉዳዩን ይበልጥ ያወሳሰበው አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2002 ያሳተሙት ጥናት ነው። በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ አማሮች ላይ በተደረገው በዚህ ምርመራ፣ የነዋሪዎቹ ሄሞግሎቢንም ሆነ በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን በባሕር ወለል አካባቢ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ፤ በአንዲስ ተራሮች እንደሚታየው ሄሞግሎቢናቸው አልበዛም፣ በቲቤት እንደሚታየውም ኦክስጅናቸው አላነሰም። ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በባሌ ከፍታ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን ከአማሮቹ ከፍ ያለ መሆኑን አመለከተ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል፤ ከፍታን እንዲህ በተለየ መንገድ የተላመደው የሰሜን ሕዝብ ሆኖ ሳለ፣ ዓለምን ያስደነቁት ሯጮች በብዛት የወጡት ከአርሲና ከሸዋ ነውና።

ዘረመል ህዋስ ፕሮቲን የሚሠራበትን መመሪያ የያዘ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የዲኤንኤ ክፍል ሲሆን፣ የዘረመል ልዩነት የሚባለው በዚህ መመሪያ ውስጥ ከሰው ሰው የሚታየው መለዋወጥ ነው። ከሩጫ ጋር በተያያዘ ከሁሉ የታወቀው ኤሲቲኤን3 የሚባለው ዘረመል ነው፤ አልፋ አክቲኒን 3 የተባለውን፣ በፈጣኑ የጡንቻ ጭረት ውስጥ ብቻ የሚገኘውን ፕሮቲን ያሠራል። አንዳንድ ሰው ከእናቱም ከአባቱም የወረሰው ቅጂ 577ኛው ቦታ ላይ ሲደርስ የሚያቋርጥ ስለሆነ ፕሮቲኑ ከነጭራሹ የለውም፤ ጤናው ግን አይጓደልም። በ2003 በአውስትራሊያ አትሌቶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዲህ ያሉ ሰዎች በአጭር ርቀት ሯጮች መካከል እጅግ ጥቂት መሆናቸውን ስላሳየ፣ ፕሮቲኑን ማጣት ለረጅም ርቀት ይበጅ ይሆን የሚል ተስፋ ተጫረ። በ2007 የኢትዮጵያና የኬንያ ሯጮች ሲመረመሩ ግን በእነርሱና ሯጭ ባልሆኑት የአገራቸው ሰዎች መካከል ይህን የሚደግፍ ልዩነት አልተገኘም።

ለኢትዮጵያ የተሻለ ዕውቀት ያስገኘው በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ያኒስ ፒትሲላዲስ የመሩት ቡድን ሥራ ነው። ቡድኑ ከእናት ብቻ የሚወረሰውን የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሲመረምር፣ ሯጮቹ ከአንድ ጠባብ የእናት ሐረግ የመጡ ሳይሆኑ እንደ ቀሪው ሕዝብ በብዙ ሐረግ የተበተኑ መሆናቸውን አገኘ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ በሚተላለፈው የዋይ ክሮሞዞም ላይ አንዳንድ ሐረጎች በሯጮቹ ዘንድ በዝተው ቢታዩም፣ ይህ የብርታት ምልክት ስለመሆኑ የተረጋገጠ ነገር የለም። ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው በ2003 የወጣው ቀላል መጠይቅ ነው፤ ከብሔራዊው የአትሌቲክስ ቡድን ማራቶን ሯጮች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት የአርሲና የሸዋ ተወላጆች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹም በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱት እየሮጡ ነበር።

የአርሲዋ በቆጂ ይህንን ሁሉ በአንድ ቦታ ታሳያለች። በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ይህች ትንሽ ከተማ ከነአካባቢዋ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አፍርታለች። የጥሩነሽ እህቶች እጅጋየሁና ገንዘቤም የዓለም ታላላቅ ሯጮች ናቸው፤ ደራርቱ ዘመዳቸው ናት፤ የቀነኒሳ ወንድም ታሪኩም በለንደን ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቷል። ይህን የሥጋ ዝምድና አይቶ ውርስ የለም ማለት አይቻልም። ሆኖም እህትማማቾቹ የተካፈሉት ደም ብቻ አይደለም፤ አንድ ቤት፣ አንድ ዳገት፣ ቀድማ ሮጣ ሜዳሊያ ይዛ የተመለሰች ዘመድና ማልደው የሚያሯሩጡ አሠልጣኝም ተካፍለዋል። የበቆጂው መምህር ስንታየሁ እሸቱ እነዚህን ልጆች የመረጡት በሜዳ ላይ ሲሮጡ አይተው እንጂ ደማቸውን አስመርምረው አልነበረም።

በ2016 ደግሞ ኢትዮጵያውያንንና ኬንያውያንን ጨምሮ ከበርካታ አገሮች የተውጣጡ 1,520 የጽናት ስፖርት አትሌቶች ከ2,760 ሌሎች ሰዎች ጋር በዘረመላቸው ተነጻጸሩ። ለዓለም ምርጥ የጽናት አትሌቶች የጋራ የሆነ፣ እነርሱን ከሌላው የሚለይ የዲኤንኤ ገጽታ ግን አልተገኘም። ተመራማሪዎቹ አሁን የሚፈልጉት አንድ ታላቅ ዘረመል ሳይሆን፣ እያንዳንዳቸው እጅግ ጥቂት የሚጨምሩ ወይም የሚቀንሱ፣ በልምምድና በአኗኗርም ላይ ተመሥርተው የሚሠሩ ብዙ ልዩነቶችን ነው።