ሽልማት የተወለደበት ቡና ቤት፣ ሽልማት ያልደረሰው የቡና አገር

ዛሬ ከቦንጋ ተነስተን ለንደን ደርሰን እንመለሳለን። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ቀድታችሁ አንብቡ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። እንግሊዞች ገበሬም ይሁን አንጥረኛ፣ ለአገር የሚጠቅም ነገር የፈጠረን ሰው በገንዘብና በሜዳሊያ ይሸልም የነበረ ስመ ጥር ማኅበር አላቸው። የት የተመሠረተ ይመስላችኋል? ቤተ መንግሥት? ዩኒቨርሲቲ? አይደለም። ቡና ቤት ውስጥ ነው!

ቡና ቤት ስል የቢራውን ቤት ማለቴ አይደለም፤ እውነተኛውን የቡና ቤት ነው። ለንደን የመጀመሪያውን ቡና ቤት ያየችው በ1652 ነበር። አንድ ሳንቲም የከፈለ ሰው ሁሉ ገብቶ፣ ጋዜጣ አንብቦ፣ ከነጋዴውም ከሊቁም ጋር ይከራከር ነበርና ቡና ቤቶቹን «የአንድ ሳንቲም ዩኒቨርሲቲ» ይሏቸው ነበር። ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ «እዚያ የሚወራው መንግሥቴን ያምስብኛል» ብሎ በ1675 መጨረሻ ሊዘጋቸው አወጀ፤ ሕዝቡ ሲንጫጫ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ አዋጁን ሳበ። የኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት የመርከብ ካፒቴኖችና ነጋዴዎች መሰብሰቢያ ነበር፤ ዛሬ በዓለም የታወቀው የሎይድስ ኢንሹራንስ ገበያ ከዚያ ወጣ።

መጋቢት 1754 ላይ ዊሊያም ሺፕሊ የሚባል የሥዕል መምህር (አዎ፣ መምህር!) ጥቂት ሰዎችን በኮቨንት ጋርደን ራውዝሜል በሚባል ቡና ቤት ሰበሰበ። ጥበብን፣ የእጅ ሥራንና ንግድን የሚያበረታታ ማኅበር አቋቋሙ። የመጀመሪያዎቹ ሽልማቶች ለምን ነበር? ከውጭ ይገባ የነበረውን ኮባልት የሚባል ማዕድን በአገር ውስጥ ላገኘ፣ ቀይ ቀለም የሚወጣበትን ተክል ላበቀለ፣ ደግሞም ጥሩ ሥዕል ለሣሉ ልጆች። ቆይቶ ዛፍ ለተከሉ፣ አዲስ ማሽን ለሠሩም ሸለመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ማኅበሩ ለረጅም ዘመን ፓተንት የወጣለትን ፈጠራ አይሸልምም ነበር። ሽልማቱን የሚወስደው ሰው ዕውቀቱን ለሁሉም ይገልጣል፤ የመሣሪያው ሞዴል ይቀመጣል፤ አሠራሩ ከ1783 ጀምሮ በማኅበሩ መጽሔት ይታተማል። ስለዚህ ሽልማት ማለት ጭብጨባ ብቻ አልነበረም፤ የሰውየው ዕውቀት ከእሱ ጋር እንዳይቀበር መመዝገቢያ ዘዴ ነበር።

እንግሊዝም ብትሆን ግን ሁሉንም በጊዜው አላከበረችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን የምስጢር መልእክት ለመፍታት ኮሎሰስ የተባለውን ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር የሠራው ቶሚ ፍላወርስ የፖስታ ቤት መሐንዲስ ነበር። ማሽኑ በ1944 ሥራ ጀመረ። ሥራው ምስጢር ስለነበረ ሰውየው እስከ 1970ዎቹ ድረስ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ማለት አልቻለም፤ እስከዚያ የኮምፒውተር ታሪክ ያለ እሱ ሲጻፍ ኖረ።

ስቴፋኒ ሸርሊን ደግሞ ተመልከቱ። በ1939 በአምስት ዓመቷ ከናዚዎች አምልጣ እንግሊዝ የገባች ስደተኛ ነበረች። በ1962 በ6 ፓውንድ መነሻ የሶፍትዌር ድርጅት ከፈተች፤ ወልደው ከሥራ የቀሩ ሴቶችን እየቀጠረች ቤታቸው ሆነው ፕሮግራም እንዲጽፉ አደረገች። ለደንበኞች የምትልከው ደብዳቤ ግን መልስ አላገኘም። በመጨረሻ «ስቲቭ» በሚል የወንድ ስም ፈረመች፤ ያኔ በሩ ተከፈተ! «ዴም» የሚለው ትልቁ ማዕረግ የተሰጣት በ2000 ነው። ይኸውላችሁ፤ ሰው የሚያከብረው ሥራውን ብቻ አይደለም፣ ማን እንደሠራውም ያያል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ራውዝሜል ውስጥ ሲጠጣ የነበረው ፍሬ ዘሩ የወጣው ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። «ኮፊ» የሚለው ቃል ከካፋ መጣ አልመጣም የሚለውን ክርክር እንተወው፤ እዚህ እኛ ጋ ስሙ «ቡኖ» ነው። የዱር ቡናው ዛሬም በደናችን አለ፤ ዩኔስኮም በ2010 የካፋን ደን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። ሊኒየስ ግን ራውዝሜል ላይ ማኅበሩ ከመቋቋሙ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1753፣ ተክሉን «አራቢካ» ብሎ ሰየመው፤ የዓረብ ማለት ነው። ደኑን ለዘመናት የጠበቁት ሰዎች ስም የትም አልገባም።

ይሄ የድሮ ነገር ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ የቅርቡን ላምጣ።

በእንግሊዝ የግብርና ታሪክ ሮበርት ቤክዌል ትልቅ ስም ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወንድና ሴት በጎችን ለያይቶ፣ ምርጡን ከምርጡ እያዳቀለ አዲስ ዝርያ ያወጣ፣ አውራ በጎቹን ለሌሎች ገበሬዎች እያከራየ ንግድ ያደረገ ሰው ነው።

ካፋ ውስጥስ? የቦንጋ በግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ጭራው ሰፋ ያለው፣ ሥጋው የሚወደደው። ችግሩ ምን ነበር? ቶሎ ያደገው ጠቦት ቶሎ ገበያ ይወጣል። እናም መንጋውን የሚያስረግዘው የቀረው፣ ደካማው ይሆናል። ሳናውቀው በየዓመቱ ደካማውን ስንመርጥ ኖርን ማለት ነው። ከ2009 ጀምሮ በአዲዮ ወረዳ ያሉ ገበሬዎች ከቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከልና ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆነው ይህን ገለበጡት። ጠቦት ሲወለድ ይመዘናል፣ ጡት ሲጥልም ይመዘናል፣ ይመዘገባል። ከዚያ ገበሬዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው ምርጦቹን አውራዎች ይለያሉ፤ የተመረጡት ለመንደሩ በጋራ ያገለግላሉ፣ ያልተመረጡት ደልበው ይሸጣሉ። ዛሬ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የዘር በግ ለሌሎች አካባቢዎች ይሸጣሉ።

ቤክዌል ያደረገው ይሄንኑ አይደል? ልዩነቱ፣ የቤክዌልን ስም የውጭ ተማሪ በፈተና ይጠየቃል፤ የአዲዮን ገበሬ ስም የቦንጋ ተማሪ አያውቅም።

ከዚህም የሚብስ አለ። እኛ የእጅ ሠሪን ሳንሸልም መቅረታችን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ስንሰድብም ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በካፋም ብረት ቀጥቃጩ ማረሻ ያበጀልናል፣ ሸክላ ሠሪዋ ጀበናችንን ትሠራለች፤ ከእነሱ ጋር ማዕድ መቁረስ ግን ነውር ተብሎ ኖሯል። ስቴፋኒ ስሟን ደብቃ በር አስከፈተች። የእኛ ሸክላ ሠሪ ዘሯን የት ትደብቀው?

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የምርምር ማዕከል አላት፣ የቡና ሙዚየም አላት፣ ከ2021 ወዲህም የክልል መቀመጫ ነች። በየዓመቱ አንድ ቀን ይመደብ። ንብ አንቢው፣ በግ አርቢው፣ ብረት ሠሪው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ስልክና ሞተር የሚጠግነው ወጣት በየዘርፋቸው ይመረጡ። ገንዘቡ ብዙ ባይሆን ግድ የለም። ስማቸው ይጻፍ፣ አሠራራቸው ይመዝገብ፣ መዝገቡ ሙዚየሙ ውስጥ ይቀመጥ። ዕውቀታቸው ካልተመዘገበ ነገ ሌላ ሰው በራሱ ስም ሲያወጣው «የእኛ ነበር» የምንልበት ማስረጃ አይኖረንም። በአራቢካ አይተነዋል እኮ።

ሺፕሊ ሚኒስትር አልነበረም፤ ሥዕል የሚያስተምር ሰው ነበር። ሐሳብ፣ ጥቂት ወዳጆችና አንድ ስኒ ቡና በቃው። ወዳጆቹ እናንተ አላችሁልኝ፤ ቡናውን ደግሞ ከማን እንዋሳለን?

በቀበሌያችሁ አዲስ ነገር የሠራ፣ የቆየ ብልሃት ያሻሻለ ሰው ካወቃችሁ፣ እሱን አስፈቅዳችሁ ምን እንደሠራና እንዴት እንደሠራው ጻፉልኝ። መዝገቡን ከዚሁ እንጀምረው።