የመሰላሏ እንቁራሪት

ልጄ ጥፍር የሚያካክሉ ሁለት የዛፍ እንቁራሪቶች ይዛ ፍራንክፈርት ያለው ቤታችን የገባች ዕለት፣ ጀርመናዊቷ ጎረቤታችን ጎንበስ ብለው አዩና «መሰላሉስ?» አሉኝ። ለካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ አገር አረንጓዴዋን እንቁራሪት ከጥቂት ውሃና ከእንጨት መሰላል ጋር የመስታወት ዕቃ ውስጥ ያኖሯት ነበር፤ ከወጣች ፀሐይ፣ ከወረደች ዝናብ። ሜዳ ላይስ ነገሩ መነሻ አለው፤ ሲሞቅ ነፍሳት ከፍ ብለው ስለሚበሩ እሷም ተከትላ ትወጣለች። መስታወት ውስጥ ግን ምን ዝንብ አለና! መሰላሉን የምትወጣው መውጫ ፍለጋ ይመስለኛል። የቴሌቪዥን የአየር ትንበያ አቅራቢን ዛሬም «ቬተርፍሮሽ»፣ የአየር እንቁራሪት፣ ይሉታል። እንቁራሪቷን ከዱር መያዝ አሁን በሕግ ክልክል ነው፤ የእኛዎቹ ቤት የተፈለፈሉ ናቸው። እስኪለምዱን አልነካናቸውም፤ ክሎሪን የሌለው ውሃ ብቻ እንረጭ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ትንሿ ከቅጠል ሥር ብቅ ብላ ፌንጣ ላፍ አደረገች።