ሐዋሳ ወይስ አርባ ምንጭ? ከደጋ የወረዱ ሁለት ከተሞች

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባችን ድምፅ የምንሰጥበት አንድ ጉዳይ አለ። ከወርሃዊ መዋጮአችን ላይ ለጉዞ ብለን ለይተን ያስቀመጥነው ገንዘብ አሁን ለአንድ የዕረፍት ጉዞ ይበቃል፤ የቀረን መድረሻውን መምረጥ ነው። ከገርጂና ከጎሮ የምንሰበሰበው ሐዋሳ እንላለን፤ ከአያትና ከሲኤምሲ የምንመጣው ደግሞ ወደ አርባ ምንጭ እናደላለን። ሒሳቡን የምንይዘው አባላት ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የሁለቱን ከተሞች ታሪክ ጠቅለል አድርገን ብናቀርብ ይጠቅማል ብለን ይህን ጽፈናል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ከእኛ መካከል ግን ጉሊት የሚሸጡ፣ እንጀራ ጋግረው ለሱቅ የሚያስረክቡ፣ በየቤቱ ልብስ የሚያጥቡ ብዙዎች ናቸው፤ ለእነሱ ፈቃድ የሚሰጥ አሠሪ የለም። ደመወዝተኛዋም ብትሆን ፈቃዷን የምትጨርሰው ለወላድ ጥየቃ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ነው። በዓል ሲመጣማ ሥራችን ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ይህ ጉዞ ለአንዳንዶቻችን ለራሳችን ብለን ከቤት ውጭ የምናድርበት የመጀመሪያው ይሆናል። እንዲህ ያለ ቀን በዘፈቀደ አይመረጥም።

ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱ ከተሞች መንትያ ይመስላሉ። ሁለቱም በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሐይቅ ዳር ናቸው፤ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ አላቸው፤ ወደ ሁለቱም ከቦሌ አውሮፕላን ይበራል። ዕድሜያቸውም ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም የ1950ዎቹ ልጆች ናቸው። ከዚያ በፊት የአካባቢው መንግሥት መቀመጫ ሌላ ቦታ ነበር፤ ያም ቦታ ደጋ ላይ ነበር።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የሸዋ ጦር ወደ ደቡብ ሲዘልቅ አገረ ገዥዎቹ የሰፈሩት ከፍታ ላይ ነው። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ በጥንቱ አነጋገር የጦር ሰፈር ማለት ነበር። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሲዳሞን ያስተዳደሩት ከሀገረ ሰላም ሆነው ነው። በኋላም መቀመጫው ወደ ይርጋለም ወረደ። ለጋሞ ጎፋ ደግሞ መቀመጫው ከአባያ ሐይቅ በላይ ተራራው ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች። ከከፍታ ላይ ጠላት ሲመጣ ይታያል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ከሁሉም በላይ ወባ አይደርስም። ቆላ ወርዶ ማደር ለደገኛ ሞትን መጥራት ነበር።

በ1950ዎቹ ነገሩ ተለወጠ። የመኪና መንገድ ወደ ደቡብ ገፋ፤ መንግሥትም ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጋር ሆኖ የወባ ማጥፊያ አገልግሎት አቋቁሞ ዲዲቲ በየቤቱ ማስረጨት ጀመረ። ሜዳው ለመኖሪያ፣ ለእርሻና ለመንገድ ምቹ ሆኖ ታየ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ሐዋሳ በሐይቋ ዳር፣ አርባ ምንጭም ከጨንቻ ግርጌ ተቆረቆሩ። ጨንቻ መቀመጫነቷን ለአርባ ምንጭ፣ ይርጋለም ደግሞ ለሐዋሳ ለቀቁ።

ሐዋሳ ያረፈችበት ሜዳ ባዶ አልነበረም። ሲዳማዎች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ቦታ ነበር፤ አዳሬ ይባል ነበር፤ ስሙም እስከ ዛሬ በከተማዋ ሆስፒታል ላይ ይጠራል። ከመጀመሪያዎቹ የከተማዋ ነዋሪዎች መካከል መሬት የተሰጣቸው ጡረተኛ ወታደሮች ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በሐይቁ ዳር ቤተ መንግሥት አሠርተዋል። ከተማዋ በቀጥታ ሰፋፊ መንገዶቿ የታወቀችው አስቀድሞ በፕላን ስለተሠራች ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆና ቆየች፤ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ደግሞ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ሌላ ገጽ ጨምሮላታል። በልብስ ስፌት መስመሮቹ ላይ የሚሠሩት አብዛኞቹ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. የአጎዋን ዕድል ስታቋርጥ በቅድሚያ የተጎዱትም እነሱ ናቸው።

የማኅበራችንን ልብ የሚነካው ግን ከከተማዋ የሚቀድም ነገር ነው። ሲዳማ ውስጥ «ያካ» የሚባል የሴቶች ማኅበር አለ። ከእኛ የካ ክፍለ ከተማ ጋር ድምፁ ይቀራረባል እንጂ ግንኙነት የለውም። ባል ሚስቱን ሲበድል ወይም ሴትን የሚያዋርድ ሲገኝ፣ ሴቶቹ «ቃሪቾ» በምትባል መሪያቸው አማካይነት ተሰባስበው ይወጣሉ፤ ጥፋተኛው ካሳውን ሳይከፍል ይቅርታም ሳይጠይቅ አይለቁትም። መተዳደሪያ ደንብ፣ ማኅተምና የባንክ ሒሳብ ሳይኖር ሴቶች ተባብረው ራሳቸውን የሚያስከብሩበት ሥርዓት ነበራቸው ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የፍቼ ጫምባላላ በዓልም ሲከበር በየቤቱ የሚቀርበው ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራው ቡርሳሜ የሴቶች እጅ ሥራ ነው።

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከከተማዋ በታች ጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ላይኛው ክፍሏ ሴቻ፣ ታችኛውና ገበያ የሚበዛበት ክፍሏ ሲቀላ ይባላል። ከፊቷ ሁለት ሐይቆች ይታያሉ፤ አባያ ቀላ ያለ ነው፤ ጫሞ ሰማያዊ ነው፤ በመካከላቸው ያለውን ከፍታ ሰዎች «የእግዜር ድልድይ» ይሉታል። አባያ ወደ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ የሐዋሳ ሐይቅ 90 ያህል ብቻ ነው። ቦቴጎ የተባለ ጣሊያናዊ አሳሽ የአድዋ ድል ጥቂት ወራት እንዳለፈው፣ በዚያው በ1888 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ አባያን በንግሥቱ በማርገሪታ ስም ጠራው። ስሙ ለብዙ ዓመት በአውሮፓ ካርታ ላይ ቆየ፤ በሐይቁ ዳር የሚኖረው ሰው ግን አልተቀበለውም። ከሐይቆቹ ማዶ በ1966 ዓ.ም. የተከለለው የነጭ ሳር ፓርክ አለ፤ የሜዳ አህያ የሚታየው እዚያ ነው።

እዚህም ዋናው ታሪክ ያለው ከከተማው በላይ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። በመንገዱ ላይ የዶርዜ መንደሮች አሉ፤ ከቀርከሃና ከእንሰት ቅጠል የሚሠሩት ረጃጅም ቤቶቻቸው የዝሆን ራስ ይመስላሉ። ሺሮ ሜዳ ሄደን ነጠላና ጋቢ ስንገዛ የምናገኛቸው ብዙዎቹ ሸማኔዎች አባቶቻቸው ከዚህ የመጡ ናቸው። ሲወራ ሁልጊዜ የሚጠራው ሸማኔው ነው። በእንዝርት ጥጡን የምትፈትለው ግን ሴቷ ናት፤ እሷ ካልፈተለች ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ምንም አይሠራም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለን በየስብሰባው እንተርታለን፤ ያንን ድር የምትፈትለዋን ሴት ሄዶ ማየት አንድ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት ተነሥቶ ለምሳ አሞራ ገደል ዓሣ መብላት ይቻላል። ቅዳሜና እሑድ ይበቃል። አርባ ምንጭ ግን እንደምንመርጠው መንገድ ከ430 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መሄጃና መመለሻው ብቻ ሁለት ቀን ይበላል፤ ጨንቻ ለመውጣት ሌላ አንድ ቀን። የመኪናው ኪራይና ነዳጅም በዚያው ልክ ይጨምራል። ከተማዋ 1,285 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ወባ ዛሬም አለ፤ አጎበር መያዝ፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ እህቶች ደግሞ አስቀድመው ሐኪም ማማከር አለባቸው። ጉሊት ላይ ለምትውል አባል የአራት ቀን ገቢ መቅረቱም ወጪ ነው፤ በደረሰኝ ባይመጣም ሒሳባችን ውስጥ መግባት አለበት።

ይህን ሁሉ ደምረንና ቀንሰን የእኛ ሐሳብ ወደ አርባ ምንጭ ያዘነብላል። ማኅበር የምንቆጥበው አንዳችን ብቻችንን የማንችለውን ለማድረግ ነው። ሐዋሳን አንዲት አባል ከእህቷ ጋር ሆና፣ በአውቶቡስ ተሳፍራ፣ በራሷ ጊዜ ልታያት ትችላለች። ጨንቻ ድረስ ግን ብዙዎቻችን በግላችን አንሄድም። መንገዱን በሻሸመኔ ካደረግነውም ሐዋሳ ጥቂት ወረድ ብላ ትገኛለች፤ የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያ አድረን፣ ጠዋት ሐይቁን አይተን፣ ወደ ሻሸመኔ ተመልሰን በሶዶ በኩል መቀጠል እንችላለን። አንድ ሌሊት ይጨምራል፤ ሁለቱንም ወገን ግን ያስታርቃል።

ለገቢያቸው የሚሰጉ አባላትን በሚመለከት ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ጉዞው ከጾም ወራት በአንዱ፣ ገበያ ቀዝቀዝ በሚልበት ሳምንት ይሁን። ሁለተኛ፣ የቀን ገቢያቸው ለሚቋረጥ አባላት ከጉዞው ገንዘብ ላይ ድጎማ ይታሰብ፤ ለዚህም የሆቴሉን ደረጃ አንድ እርከን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። የሁለቱንም አማራጭ የወጪ ዝርዝር ከስብሰባው አንድ ሳምንት በፊት በየምድባችሁ ሰብሳቢ በኩል ታገኛላችሁ። ሐዋሳ ይሻላል የምትሉም ምክንያታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ብልጫ ያገኘውን ሁላችንም እንሄድበታለን።